ከለገሃር እስከ ሐይፋ ምሥራቅ፦ የአሮጌ ባቡሮች ታሪክ

ስለ ሐይፋ ታሪክ ሲነገረን ብዙዎቻችን የሌላ ሰው ቤተ ዘመድ ታሪክ እንደሚሰማ እንግዳ ዝም ብለን ነው የምናዳምጠው። ባለፈው ጊዜ ጥቂት አዲስ ገቢ ቤተሰቦችን ይዘን ወደ ባቡር ሙዚየም ስንሄድ፣ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አባቱን በዕብራይስጥ «እናንተ አገር ባቡር እንኳ አልነበረም» አለው። አባትየው አልመለሰለትም። ይህን ዝምታ በሥራችን በየቤቱ እናገኘዋለን። ደብዳቤ የሚያነበው ልጁ ነው፤ ከቢሮ ጋር የሚነጋገረውም ልጁ ነው፤ አባት ቀስ በቀስ ምንም እንደማያውቅ ሰው ይቆጠራል።

ሙዚየሙ የሚገኘው በቀድሞው የሐይፋ ምሥራቅ ጣቢያ፣ በፋይሰል አደባባይ አጠገብ ነው። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን።) የቱርኩ ሱልጣን ዳግማዊ አብዱል ሐሚድ ከደማስቆ ወደ መዲና የሚሄደውን የሂጃዝ ባቡር በ1900 አስጀመረ። ዕቃው በፈረንሳዮች መስመር በኩል ከቤይሩት እንዳይመጣ የራሱ ወደብ አስፈለገው፤ በመሆኑም ወደ ሐይፋ የሚወርደው ቅርንጫፍ በ1905 ተከፈተ። በሱልጣኑ ስም የቆመው የድንጋይ ሐውልት ዛሬም ከጣቢያው ፊት ለፊት አለ። በ1946 የኤጼል ታጣቂዎች ባፈነዱት ቦምብ የሕንጻው ከፊል ፈረሰ፤ ከተረፈው ላይ ሙዚየሙ በ1983 ተከፈተ።

ከመካከላችን በጃንሆይ ዘመን በወታደርነት ድሬዳዋ የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። በ1902 በጀርመን አገር ከተሠራችው ትንሽ የክራውስ ባቡር ፊት ቆመው ሃዲዱን በዓይናቸው ለኩና «ይቺስ የድሬዳዋዋን ትመስላለች» አሉ። አልተሳሳቱም። የሂጃዝ ሃዲድ ስፋት 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር፣ የኛው ደግሞ 1 ሜትር ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው፤ ይህች የክራውስ ባቡር በተሠራችበት በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። «ለገሃር» የምንለው ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

ሁለቱ መስመሮች አንድ ጊዜ በአንድ መንገደኛ ተገናኝተዋል። በግንቦት 1936፣ የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ጃንሆይ በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ገቡ፤ ከሐይፋም እንደገና በባቡር ኢየሩሳሌም ደረሱ። ሙዚየሙ ውስጥ በ1922 በበርሚንግሃም የተሠራ፣ ለባለሥልጣናትና ለክብር እንግዶች የተዘጋጀ 98 ቁጥር ሳሎን ፉርጎ አለ። እኛም እዚያ ፉርጎ አጠገብ ቆመን ነው ይህን ለልጆቹ የነገርናቸው።

ከአሮጌው ዕቃ የተረፈው ግን ጥቂት ነው። በሰፊው ሃዲድ ላይ ይሄዱ የነበሩት የእንፋሎት ባቡሮች በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ ሲያቆሙ ለብረት ተሸጡ። አንድም ስላልቀረ፣ በቤርሼባ አሮጌ ጣቢያ ለማሳያ የቆመው ከቱርክ ተገዝቶ የመጣ ነው! ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ትሻላለች እንላለን፤ አሮጌው ጋራዥ ከነፈረንሳይ መኪኖቹ፣ ከነፉርጎዎቹ እስካሁን አለ። በአጋጣሚ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ወር ተታድሰዋል፦ በጥቅምት 2016 አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ፤ በዚያው ወር ከሐይፋ ወደ ቤት ሸአን የሚወስደው «ራኬቬት ሃዔሜክ» እንደገና ሥራ ጀመረ። ሁለቱም ዛሬ በሰፊው ሃዲድ ላይ ናቸው።

አዛውንቱ ስለ ድሬዳዋ ጣቢያ ማውራት ከጀመሩ አላቆሙም፦ የከሰሉ ሽታ፣ የአፋሮቹ ግመሎች፣ ሌሊት የሚነፋው ፊሽካ። የሙዚየሙ ሰው ጠጋ ብሎ ምን እንደሚሉ ጠየቀ። ያ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መተርጎም ጀመረ። መሐል ላይ አንድ ቃል አቃተውና ወደ አባቱ ዞሮ «አባዬ፣ ፉርጎ ምንድን ነው?» ሲል በአማርኛ ጠየቀ። አባቱም እጁን ይዞ ወደ ፉርጎው ወሰደው።