ቀይ ለባሹ ሐበሻ፦ ዛር ከመተማ ማዶ

በሱዳን የዛር ቤት መናፍስቱ የሚጠሩት በየወገናቸው ነው። ደርቪሾች አሉ፣ ዐረቦች አሉ፣ የቱርክ ፓሻዎች አሉ፣ ሱሪና ባርኔጣ የሚጠይቁ ፈረንጆችም አሉ። «ሐበሽ» የሚባሉት ደግሞ ቀይ ልብስና ቡና ይወዳሉ። ከእነዚህ መካከል ስሟ የገነነው ሉሊያ ሐበሺያ ሙሽራ ሆና ነው የምትመጣው፤ ሂናና ሽቶ ይቀርብላታል። ይህች የሐበሻ ሙሽራ በሱዳናዊት እመቤት ላይ የምትወርደው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጀርባዋ የሱዳንና የኢትዮጵያ ረጅምና መራራ ታሪክ አለ።

ዛር ከኢትዮጵያ ወጥቶ እንደተስፋፋ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ያሰራጨው ሰባኪ ወይም ነጋዴ ብቻ አልነበረም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባርነት የተነዱ ሴቶችም ይዘውት ሄደዋል። ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንየ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ በነበረበት ጊዜ ዛር በከተማዋ ሴቶች ዘንድ ሥር ሰድዶ አግኝቶታል። ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው መተማ፣ ከጎኗ ካለችው ጋላባት ጋር፣ በዚያ ዘመን ቡና፣ ሰምና ባሪያ የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥር 1888 የሱዳን ማህዲስቶች አዛዥ አቡ አንጃ ጎንደርን አቃጥሎ፣ ዘርፎ፣ ብዙ ሴቶችንና ሕፃናትን ማርኮ ወሰደ። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ንጉሡ ብዙ ሲሉ፣ ስለ ምርኮኞቹ ሴቶች ግን የሚሉት ጥቂት ነው።

የምሥራቅ ሱዳኗ ከተማ ከሰላም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1840 የቆረቆራት የግብፅ ጦር ሲሆን በሰፈሯ ከነበሩት ወታደሮች ብዙዎቹ ከባርነት የተመለመሉ ነበሩ፤ በ1865 በአዛዦቻቸው ላይ ያመፁትም እነሱ ናቸው። ጡምቡራ የሚባለው የዛር ዓይነት የእንዲህ ያሉ ወታደሮችና የዘሮቻቸው ሥርዓት ነው። መሪ መሣሪያው ክራርን የሚመስል፣ ከክራር ግን በጣም የገዘፈ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። አንዱ ተጫዋች የፍየል ሰኮና የተሰፋበት ሰፊ መታጠቂያ ወገቡ ላይ አስሮ ዳሌውን ሲወዘውዝ፣ ሰኮናዎቹ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ምቱን ይይዛሉ።

የሴቶቹ ዛር ቦሪ ይባላል። መሣሪያው ከወጥ ቤት የተገኘ ነው፦ ዳሉካ የሚባል የሸክላ ከበሮ፣ የተደፋ ሳፋ፣ እንደ ቃጭል የሚጮህ የነሐስ ሙቀጫ። እያንዳንዱ መንፈስ የራሱ ዜማና የራሱ ምት ስላለው፣ ሼኻ የምትባለው የሥርዓቱ መሪ ከበሮ አስመትታ ዜማውን ትስባለች። ዜማው የእሷ የሆነባት ሴት መንቀጥቀጥ ስትጀምር ልብሱ ይመጣላታል፤ የሐበሻ ከሆነ ቀይ፣ የፈረንጅ ከሆነ ባርኔጣ። ዓመታዊው ታላቅ ድግስ በረጀብ ወር ይደገሳል፤ በረመዳን መናፍስቱ ታስረዋል ስለሚባል ከበሮው ዝም ይላል።

ይህን ያየ የጎንደር ሰው የሚያስገርመው ነገር አይኖርም። የፈረንሳዩ የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1932 በጋላባት ድንበር ተሻግሮ ጎንደር ሲደርስ፣ ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ ከምትባል የዛር አለቃ ቤት ደጅ ጠናና ወራት ቆየ። ዕጣኑን፣ ቡናውን፣ ጉሪ የሚባለውን የዛር ውዝዋዜ፣ ጭብጨባውን ከአስተርጓሚው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር እየተከታተለ ሌት ተቀን ጻፈ። የታመመችው ሴት «ፈረስ» ናት፤ ጋላቢው እንደ ሰይፉ ጨንገር ወይም ራሂሎ ያለ ዛር ነው። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ሥርዓቱን ከቲያትር ጋር አያይዞ ተነተነው። ትንታኔው ብልህ ነው፤ ይሁንና እዚያ ቤት የምትመጣው ሴት የምትፈልገው ከሕመሟ መዳን፣ ከጎረቤቶቿም ጋር አንድ ሌሊት ማሳለፍ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

በልብስና በዜማ የሚተሳሰር ማኅበር በአውሮፓም አለ፦ ጥቁር የሚለብሱ፣ ጨለማ ያጠላበት ሙዚቃ የሚወዱ ጎቶች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጀርመኗ ላይፕሲግ ይሰበሰባሉ። በልብስና በዜማ የሚተዋወቅ፣ የውጭው ሰው በጥርጣሬ የሚያየው እንዲህ ያለ ማኅበር በዚህ ድንበር ግራና ቀኝ ብዙ ቀድሞ ነበር። ባለቤቶቹ ደግሞ በአብዛኛው ድሃ ሴቶች ነበሩ። ኑሯቸው ያልሰጣቸውን ሐርና ወርቅ በመንፈሱ ስም የመጠየቅ መብት ነበራቸው፤ ባልም ለዛሩ ሲባል ይገዛ ነበር።

ጥርጣሬው ዋጋ አስከፍሏል። በኢትዮጵያ ካህናት ዛርን አጥብቀው አወገዙ። በሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የመጣው እስላማዊ አስተዳደር በዛር ቤቶች ላይ ጫናውን አበረታ፤ ብዙዎቹ ከበሯቸውን ዝቅ አድርገው በጓዳ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ በሱዳን የተነሳው ጦርነት የካርቱምን፣ ኋላም የሰናርን ቤተሰቦች ወደ ገዳሪፍና ከሰላ አፈናቅሏል። ሰናር አንትሮፖሎጂስቷ ሱዛን ኬንየን የዛርን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ያጠናችባት ከተማ ናት።

በካይሮ ደግሞ መዛሂር የሚባለው የዛር ሙዚቃ ቡድን፣ ባለ አውታሩን መሣሪያና የሰኮናውን መታጠቂያ ይዞ፣ መካን በተባለች ትንሽ አዳራሽ ለተመልካች ሲጫወት ቆይቷል። ከሱዳን የመጣው የጡምቡራ ዜማም ከትርኢቱ አንዱ ክፍል ነው።