አትላንቲስና ክብረ ነገሥት፤ የግብጽ ምስክርነት

ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ ዛሬ ስሙ የሚነሣው ከሆስፒታሉ ጋር ነው። በ1870 ዓ.ም. ግን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተቀምጠው፣ ሊቃውንቱ በክርስቶስ ልደት ነገር ተከራክረውበታል። በጉባኤው ላይ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ደብዳቤ ቀረበ፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው ወገን ተረታ። ከግብጽ የመጣ ጽሑፍ በዚያ ዘመን ክርክር ይቆርጥ ነበር።

ግሪካዊው ፈላስፋ ፕላቶም ይህን የግብጽ ክብር ተጠቅሞበታል። ባሕር የዋጣትን አትላንቲስን ሲተርክ ወሬው የተገኘው ሳይስ ከምትባል የግብጽ ከተማ ካህናት ነው ይላል፤ የአቴናው ሶሎን ሰምቶ ለዘመዶቹ አወረሰው፣ ከእነሱም በፕላቶ ድርሰት ውስጥ ወደሚናገረው ወደ ክሪቲያስ ደረሰ። ክሪቲያስ ነገሩ ፍጹም እውነት መሆኑን ደጋግሞ ያረጋግጣል። ክራንቶር የተባለው የፕላቶ የጥንት ተንታኝ ታሪኩን እንዳለ ተቀብሎታል፤ ዛሬም ደሴቲቱን ባሕር ውስጥ የሚፈልጉ አልጠፉም።

እኔ ግን ፕላቶ ታሪክ ሊጽፍ አስቦ ነበር ብዬ አላምንም። ምስክሬ ታሪኩ በሚገኝበት «ቲማዮስ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ አለ። ሶቅራጥስ በዋዜማው በሐሳቡ ስላቆማት መልካም ከተማ ተናግሯል። ክሪቲያስ በማግስቱ ያቺን የሐሳብ ከተማ ወደ እውነት እናምጣት፣ ዜጎቿም የጥንት አቴናውያን ነበሩ እንበል ይላል። ካህናቱና ሶሎን የተጠሩት ቀድሞ ለተሠራው ሐሳብ ሥጋ ሊያለብሱ ነው።

ክብረ ነገሥታችንም መንገዱ በግብጽ ነው። የመጽሐፉ መዝጊያ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግዕዝ እንደ ተመለሰ ይናገራል፤ ግዕዙን ያዘጋጀው ይስሐቅ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረ ነው። ትረካውም በሠለስቱ ምእት፣ በኒቅያ አባቶች ጉባኤ ፊት የተነገረ ሆኖ ይቀርባል። የንግሥተ ሳባ፣ የሰሎሞንና የቀዳማዊ ምኒልክ ነገር በታሪክ ምርመራ ፊት ይቆማል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የጻፉት ሰዎች ግን ለአንባቢ ምሳሌ እየሰጡ አልነበረም፤ በ1262 ዓ.ም. ዙፋን የያዘው ሥርወ መንግሥት የዘር ሐረጉን ያገኘው ከዚህ ነው።

መጽሐፉ እንዴት ይታመን እንደ ነበር ከመቅደላ በላይ የሚያሳይ የለም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከዚያ የወሎ አምባ በርካታ የብራና መጻሕፍት ዘርፈው ሄዱ፤ ከእነሱም ሁለቱ የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ወደ ለንደን ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያለ እሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸውም አስረዱ። የብሪታንያ ሙዚየምም አንዱን ቅጂ መለሰ። በቦሩ ሜዳ ጉባኤውን የመሩት ከዚህ በኋላ በስድስተኛው ዓመት ነው።

በአትላንቲስ ማንም አልነገሠም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ግን በ2ኛው አንቀጽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥር ነበር፤ ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. እስኪያግደው ድረስ።