የጨረር አሻራ በትኩሳት ከተማ፦ ፕሮቲን የማይሠሩ አርኤንኤዎች ከሳቢያን አንጻር

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ከቆየ በኋላ ወደ ጅማና ወደ ሐረር ወጥቷል። በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ለሚኖር ሰው ሐረር ጎረቤት ናት። ሕክምናው ሲቀርብ ግን የታካሚው ሴሎች ጨረሩን እንዴት እንደተቋቋሙት ማወቅም ያስፈልጋል። ይህን ከደም ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ የድሬዳዋን የትኩሳት በሽታዎች ሳያገናዝቡ ንባቡን ማመን ግን አይገባም።

አንድ ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር በአንድ ሴል ውስጥ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ የዲኤንኤ ድርብ ስብራቶችን ያስከትላል። ስብራቱን ተከትሎ ኤቲኤም የተባለው ፕሮቲን ፒ53 የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ያነቃል። ፒ53 ከሚያዛቸው ጂኖች መካከል ፕሮቲን የማይሠሩ አርኤንኤዎችን የሚያመነጩ አሉ። ከአጫጭሮቹ አንዱ የሆነው ማይክሮ አርኤንኤ-34ኤ የሴሉን መከፋፈል ይገታል፤ ወደ ሞትም ሊገፋው ይችላል። ፓንዳ የተባለው ረጅም አርኤንኤ በአንጻሩ የሞት ጂኖችን የሚቀሰቅሰውን ኤንኤፍ-ዋይኤ ይዞ ያስቀራል። ያው አዛዥ ገዳዩንም አዳኙንም መጥራቱ፣ በእኔ ግምት፣ ለጥገና ጊዜ መግዣ ነው። አዛዡን ፒ53ን የሚያነቃውን የሚቆጣጠሩም አሉ፦ ማይክሮ አርኤንኤ-421 ኤቲኤምን ያፍናል። ማይክሮ አርኤንኤ-24 ደግሞ በበሰሉ የደም ሴሎች ውስጥ ለዲኤንኤ ጥገና የሚያስፈልገውን ኤች2ኤኤክስ የተባለ ፕሮቲን ስለሚቀንስ ሴሎቹ ለጨረር ይበልጥ ይጋለጣሉ።

የጨረርን መጠን ከደም ለማንበብ ለክሊኒክ ቅርብ የሆነው ማይክሮ አርኤንኤ-150 ነው። በብዛት የሚገኘው ሊምፎሳይት በተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ሲሆን በአይጦች ሙከራ ጨረሩ በጨመረ ቁጥር በሴረም ውስጥ ያለው መጠን ቀንሷል። የጨረር መጠንን ለመገመት የተለመደው የክሮሞዞም ምርመራ ሊምፎሳይቶችን ለሁለት ቀን ያህል ማሳደግ ይጠይቃል። ማይክሮ አርኤንኤ ግን በፒሲአር በሰዓታት ይለካል፤ መሣሪያውም ከኮቪድ ወዲህ ለክልል ቤተ ሙከራዎች እንግዳ አይደለም።

ድሬዳዋ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ በአኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተዛመተ ወባ ገብቶባታል። ሦስቱም የሊምፎሳይት ቁጥር ሊያወርዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከቺኩንጉንያ ገና ያላገገመ የሳቢያን ሰው ጨረር ሳይነካው ዝቅተኛ ማይክሮ አርኤንኤ-150 ሊያሳይ ይችላል። ለማነጻጸሪያ ማይክሮ አርኤንኤ-23ኤን መጠቀምም መፍትሔ አይሆንም፤ የናሙናውን መጠን ያስተካክል እንጂ የሊምፎሳይቶቹን መመናመን አያካክስም።

ለጨረር ሕክምና በሚላክ ታካሚ ላይ መላው ቀላል ነው፦ ከመጀመሪያው ጨረር በፊት ደም ወስዶ፣ የወባና የሙሉ ደም ምርመራ አድርጎ፣ ሰውየውን ከራሱ ጋር ማወዳደር። በድንገተኛ የጨረር አደጋ ጊዜ ግን የቀደመ ናሙና አይኖርም። ለዚያ የሚያስፈልገው ከጤነኞች ብቻ ሳይሆን ከወባ፣ ከዴንጊና ከቺኩንጉንያ ሕሙማን በተወሰደ ደም የተሠራ የድሬዳዋ የራሷ መነሻ መለኪያ ነው።