ጾሙ ተፈቅዶ በዓሉ የተከለከለበት ዘመን

በንጉሡ ዘመን ረመዳንን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለ ሙስሊም የመንግሥት ሠራተኛ ሌሊት ሱሑሩን በልቶ፣ ቀኑን ጾሞ፣ ማታ ተራዊሕ ቢሰግድ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ችግሩ የሚመጣው ወሩ ሲያልቅ ነው። የዒድ ዕለት መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ክፍት ነው። ወሩን ሙሉ የጾመ ሰው ወይ ፈቃድ ይለምናል፣ ወይ በዓሉን ለቤተሰቡ ትቶ ሥራ ይገባል።

አገሩ ጾም የማያውቅ አገር ቢሆን አይገርምም ነበር። ጎረቤቱ ክርስቲያን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል፤ ፋሲካ ሲደርስ ግን መንግሥትም አብሮት ያከብራል። ይኸው መንግሥት በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አውቋል። ሙስሊሙ በሸሪዓ ይጋባል፣ ይወራረሳል፤ በዓሉ ግን በመንግሥት የቀን መቁጠሪያ ላይ የለም። እንዲያውም መጠሪያው ራሱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር፤ ልክ እንደ እንግዳ!

ከዚህ የባሰም አልፏል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች ክርስትና ተነሡ ሲሉ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው የኖሩ ብዙዎች ናቸው። እንደ ሸህ ጠልሃ ያሉት ደግሞ በግልጽ አመፁ። ከሶላት ይልቅ ጾም ለመደበቅ ይመቻል፤ በዓል ግን ተደብቆ አይከበርም። በዓል አደባባይና የሥራ ፈቃድ ይፈልጋል።

ጥያቄው አደባባይ የወጣው ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። 100 ሺህ ገደማ የሚገመት ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች መካከል በዓላቱ ብሔራዊ ይሁኑ፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ፣ የራሳችን ተቋም ይኑረን የሚሉት ይገኙበታል። ልብ በሉ፣ ጾሙን ፍቀዱልን ያለ የለም።

ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ወረዱ፤ ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። በዚያው ዓመት ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በአዋጅ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ደርግ ይህን ያደረገው ለእስልምና አዝኖ አይደለም፤ ቀላሉን ጥያቄ መመለሱ ነው። የእስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከሰልፉ 46 ዓመት በኋላ።