በባንክ ሕንጻ ሥር ያለው መስጂድ፦ የሲንጋፖር መሐል ከተማና የወቅፍ ጉዳይ



ሲንጋፖር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የመስታወት ፎቅ፣ ባንክና ወደብ ነው። እውነትም ነው። ራፍልስ ፕሌስ በሚባለው የከተማዋ የንግድ እምብርት 280 ሜትር የሚደርሱ ሕንጻዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። ከእነዚህ አንዱ ዩኦቢ ፕላዛ የሚባለው የአንድ ትልቅ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ መስጂድ አለ። መስጂድ መውላና ሙሐመድ ዐሊ ይባላል። በአካባቢው ቢሮዎች የሚሠሩ ሙስሊሞች ዙህርንና ጁሙዓን የሚሰግዱት ደረጃ ወርደው ነው።

መስጂድ እንዴት ከምድር በታች ገባ? ለዚህ መልስ ወደ ኋላ ሁለት መቶ ዓመት መሄድ ያስፈልጋል። ታሪኩ የመሬት ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ታገሡን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ስታምፎርድ ራፍልስ ደሴቲቱ ላይ የደረሰው በጥር 1819 ነው። ብዙ ጊዜ «ሲንጋፖርን የመሠረተው» ይባላል። ሰውየው ግን ባዶ ምድር አላገኘም። በወንዙ አፍ ላይ የማላይ ሙስሊሞች መንደር ነበር፤ አስተዳዳሪውም ተመንጎንግ ዐብዱረህማን ነበሩ። የካቲት 6 ቀን 1819 የተፈረመው ውል ላይ ከኢስት ኢንዲያ ኩባንያ በሌላኛው ወገን የፈረሙት እሳቸውና ሱልጣን ሑሴን ሻህ ናቸው። ያ ውል ለኩባንያው የንግድ ጣቢያ እንዲከፍት ብቻ የፈቀደ ሲሆን ለሱልጣኑ በዓመት 5,000፣ ለተመንጎንጉ 3,000 የስፔን ዶላር ይከፈል ነበር። ከአምስት ዓመት ጥቂት ካለፈ በኋላ ነገሩ እየሰፋ መጣና በነሐሴ 1824 በተፈረመው ሁለተኛ ውል ደሴቲቱ በሙሉ ለኩባንያው ተላለፈች። የሱልጣኑ ሰዎች ወደ ካምፖንግ ግላም፣ የተመንጎንጉ ሰዎች ደግሞ ወደ ተሎክ ብላንጋ ተዛወሩ። የወንዙ አፍ ለነጋዴ ተለቀቀ ማለት ነው።

በ1822 በወጣው የከተማ ፕላን የንግዱ ሰፈር በወንዙ ደቡብ ዳርቻ እንዲሆን ተወሰነ። ቦታው ረግረግ ነበር። በአቅራቢያው የነበረ ኮረብታ ተንዶ አፈሩ ረግረጉን ሞላ፤ ኮረብታው የነበረበት ሜዳ ደግሞ ኮሜርሻል ስኩዌር ተባለ። ዛሬ ራፍልስ ፕሌስ የምንለው እሱን ነው፤ ስሙ የተቀየረው በ1858 ነው። እንግዲህ ይህ ሰፈር ከመጀመሪያውም የተሠራ መሬት ነው። ይህን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደዚህ ቦታ ከመጡት ሙስሊሞች ሁለቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ወገን ከደቡብ ሕንድ ኮሮማንደል የባሕር ዳርቻ የመጡት ታሚል ተናጋሪ ሙስሊሞች፣ ቹልያ የሚባሉት ናቸው። ነጋዴ፣ ገንዘብ መንዛሪ፣ ጀልባ ቀዛፊና የወደብ ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬም በባንኮቹ መካከል የሚያልፈው መንገድ ቹልያ ስትሪት ይባላል። ሌላው ወገን ከየመን ሐድረመውት የመጡት ዐረቦች ናቸው። ሐድረሞች ለእኛም እንግዳ አይደሉም፤ በቀይ ባሕር በኩል ምጽዋ ድረስ ዘልቀው የነገዱ ሕዝቦች ናቸው። ወደ ምሥራቅ የሄዱት ደግሞ ጃቫን፣ ፓሌምባንግንና ሲንጋፖርን ሞሉት።

ከእነዚህ ውስጥ ሰይድ ዑመር ቢን ዐሊ አልጁነይድ ይገኙበታል፤ አላህ ይዘንላቸው። ከፓሌምባንግ ወደ ሲንጋፖር የተሻገሩት ከተማዋ ገና ስትቆረቆር ነው። በ1820 በወንዙ ደቡብ በኩል ከእንጨት መስጂድ አሠሩ። መስጂድ ዑመር ካምፖንግ መላካ ይባላል፤ በሲንጋፖር ከመስጂዶች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ከውሉ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። 

ቹልያዎቹም አልዘገዩም። በደቡብ በኩል የባሕሩን ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ተሎክ አየር የሚባል መንገድ ነበር። ከመርከብ የወረደ ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው እሱን ነው። በ1827 እዚያ ላይ የሣር ጎጆ መስጂድ ሠሩ። ታሚሎቹ «ኩቹ ፓሊ» አሉት፤ ጎጆ መስጂድ ማለት ነው። በ1850ዎቹ በጡብ ታንጾ ዛሬ መስጂድ አል-አብራር ይባላል። እዚያው መንገድ ላይ የናጎሩን ወልይ ሻሁል ሐሚድን ለማሰብ የተሠራ ቤት አለ፤ ከባሕር በሰላም የወጡ ሰዎች ናቸው ያሠሩት። (እንዲህ ባሉ ቤቶች ላይ በዑለማዎች መካከል ያለውን ኺላፍ እናውቃለን፤ የዛሬው ርዕሳችን ግን እሱ አይደለም።) ሳውዝ ብሪጅ ሮድ ላይ ያለው መስጂድ ጃሚዕም የእነሱ ነው። የዚህን መስጂድ ካርታ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፤ በሩ መንገዱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ቆሞ መስገጃው ግን ዘንበል ብሏል። መንገዱ የኢንጂነሩን መስመር፣ መስጂዱ ቂብላውን ነው የተከተለው።

ከዚያ ባሕሩ ሸሸ። ከ1879 ጀምሮ ከተሎክ አየር ፊት ለፊት ያለው ውኃ በአፈር ተሞላና የባሕር ዳር መንገዱ መሐል አገር ቀረ። መቶ ዓመት ቆይቶ በ1970ዎቹ መንግሥት እንደገና ሞላው፤ ዛሬ ማሪና ቤይ የሚባለው ያ ሁሉ ፎቅ ያረፈው በዚህ አዲስ መሬት ላይ ነው። ለመርከበኞች የተሠራው አል-አብራር አሁን ባሕር አይታየውም።

ዐረቦቹም በዚህ መካከል ከበሩ። የአልካፍ ቤተሰብ በ1909 ከኮልየር ኪ እስከ ራፍልስ ፕሌስ የሚያሻግር፣ በቅስትና በጉልላት ያሸበረቀ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ሕንጻ ሠራ። አልካፍ አርኬድ ይባል ነበር። ከባሕር ለሚመጣ ሰው ፊት ለፊት ይታይ የነበረ የሙስሊም ሀብት ነው። በ1978 ፈረሰ። በቦታው የቢሮ ፎቅ ቆመ።

ለምን ፈረሰ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ሲንጋፖር ነሐሴ 9 ቀን 1965 ነጻ አገር ስትሆን መሬቷ ከ600 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነበር። መንግሥቱ በሁለት ሕግ ከተማውን ገለበጠው። የመጀመሪያው በ1966 የወጣው የመሬት መውሰጃ ሕግ ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም የተፈለገን መሬት መንግሥት እንዲወስድ ይፈቅዳል። ካሳው በኋላ በ1973 ዋጋ እንዲታሰር ተደረገ፤ መሬቱ ከዚያ ወዲህ ቢወደድም ባለቤቱ በድሮው ዋጋ ይሰናበት ነበር። ወቅፍም ቢሆን ከዚህ ሕግ ነጻ አልነበረም፤ የሄደ የወቅፍ መሬት ብዙ ነው። ሁለተኛው ስለ ኪራይ ነው። ከ1947 ጀምሮ የድሮ ቤቶች ኪራይ በሕግ ታግዶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በወጣ ልዩ ሕግ ግን የንግዱ እምብርት ከዚህ እገዳ ወጣ። በካርታ ላይ ጫማ ስለሚመስል «የወርቅ ጫማ» ብለውታል። ባለቤት ተከራዩን አስወጥቶ አፍርሶ ፎቅ መሥራት ቻለ። ማርኬት ስትሪት ላይ የነበሩት የቼቲያሮቹ የአራጣ ቤቶችም ሳይቀሩ ጠፉ። በዚያው መንገድ አንድ ሱቅ ቤት ውስጥ የሚሰገድበት ትንሽ መስጂድ ነበር። መውላና ሙሐመድ ዐሊ ማለት እሱ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ተነሥቶ በመጨረሻ በ1990ዎቹ ወደ ባንኩ ምድር ቤት ገባ።

ኪታብ የቀራ ሰው እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ ከላዩ ባንክ ያለበት ቦታ መስጂድ ይባላል ወይ? በሐነፊዮች ዘንድ የታወቀው አቋም መስጂድ ወደ ላይ እስከ ሰማይ፣ ወደ ታችም መስጂድ ነው የሚል ነው፤ ስለዚህ ላዩ የሌላ ሰው ንብረት ሲሆን ይቸገራሉ። ሻፊዒዮች ግን የሕንጻን ታች ብቻ ወይም ላይ ብቻ መስጂድ ማድረግን ይፈቅዳሉ። የማላዮቹም የቹልያዎቹም መዝሀብ ሻፊዒ ነው። ከላይ ሪባ፣ ከታች ሱጁድ መሆኑ ለሰሚ ቢከብድም ሰጋጁ ሶላቱን በወቅቱ የሚሰግድበት ቦታ አግኝቷል። እኛ ይህን ቀላል ነገር አድርገን አናየውም።

አል-አብራርንና ጃሚዕን ምን አዳናቸው? «ወቅፍ ስለሆኑ ነው» ማለት ደስ ይለን ነበር፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በ1974 መንግሥት ብሔራዊ ቅርስ ብሎ መመዝገቡ ትልቅ ድርሻ አለው። ሆኖም ወቅፍ ሆነው ለመቶ ሃምሳ ዓመት በወራሽ ሳይከፋፈሉና ሳይሸጡ ባይደርሱ ኖሮ የሚመዘገብ ነገር አይኖርም ነበር።

የወቅፍ ሱቆቹ ዕጣ ግን ሌላ ነው። የኪራይ እገዳው ባለበት ዘመን ከጦርነቱ በፊት በተቆረጠ ሳንቲም ተከራይተው ቆዩ። ጣራ የሚያድስ ገቢ እንኳ አልነበራቸውም። የአስተዳዳሪ ችግርም ነበር፤ ቅኝ ገዢው መንግሥት ገና በ1905 የሙስሊምና የሂንዱ ወቅፎችን የሚቆጣጠር ቦርድ ለማቋቋም ሕግ ያወጣው በአግባቡ ስላልተያዙ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1966 በወጣው የሙስሊሞች ሕግ መሠረት ሙይስ የሚባለው የሲንጋፖር እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት በ1968 ተቋቋመ። ወቅፎች በሙሉ በሕግ በእሱ ሥር ገቡ።

ሙይስ የገጠመው ጥያቄ ከባድ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬታቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሯቸው እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ምንም የማያስገባ ሱቅ ለድሃው ምን ይጠቅመዋል? በፊቅህ ኢስቲብዳል የሚባል በር አለ፤ ጥቅሙ የቆመን ወቅፍ በተሻለ ንብረት መለወጥ ነው። ሐነፊዮችና ሐንበሊዮች በሩን ሰፋ ያደርጉታል፤ ሻፊዒዮች ጠበቅ ያደርጉታል። ሲንጋፖሮች በበሩ ገቡ። ተበታትነው የነበሩ ትንንሽ የወቅፍ ንብረቶችን ለውጠው ቢች ሮድ ላይ አንድ የቢሮ ሕንጻ ገዙ። ሰይድ ዑመር አልጁነይድ ስማቸው በሚነሣበት የቤንኩለን መስጂድ ቦታ ላይ ደግሞ መስጂዱን፣ ሱቆችንና የሚከራዩ አፓርታማዎችን አንድ ላይ አቆሙ። ለሁለቱ ሥራዎች ከባንክ በወለድ አልተበደሩም፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 60 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር በሙሻረካ ሱኩክ ሰበሰቡ። ገንዘብ ያወጣው ሰው የሥራው ተጋሪ ሆኖ ከኪራዩ ይካፈላል።

ይህን ሲያደርጉ የከፈሉት ዋጋም አለ። የተለወጡት ትንንሽ ቤቶች እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ኒያ ነበሩ፤ አንዱ ለመስጂድ ዘይት፣ አንዱ ለየቲም፣ አንዱ በትውልድ አገሩ ላለ መድረሳ ብሎ የተወው። ሁሉም የአንድ ፎቅ ድርሻ ሆኑ። ገቢው አድጓል፤ የባለ ወቅፉን ስም በሩ ላይ የሚያነብ ግን የለም። ዑለማዎቻቸው ይህን መዝነው ነው የወሰኑት፤ የእኛ ዝንባሌም ወደ እነሱ ነው፤ ምክንያቱም የወቅፍ ዓላማ ጡቡ ሳይሆን ፍሬው ነው። ሸርጡ ግን የእያንዳንዱ ወቅፍ ድርሻ በመዝገብ ተለይቶ መቀመጡና ፍሬው ባለ ወቅፉ ወዳለው ቦታ መድረሱ ነው። በሲንጋፖር ከ1999 ወዲህ ማንኛውም ወቅፍ ሙይስ ዘንድ የግድ ይመዘገባል።

ወላሁ አዕለም።