የዝርግ ብረት ስሞችና የመጡበት መንገድ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ለሚሰሙት የዝርግ ብረት ስሞች ግን አውጪዎቹ በየዘመኑ በመንገድ የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ናቸው።

ሦስቱ ከተሞች የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከዋና ከተማዋ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጫነው የቤት ክዳን በእነዚህ በሮች ያልፋል።

ያገራችን ቀጥቃጭ ከጥንት ጀምሮ ወናፍ፣ ጉጠትና መዶሻ የሚሉ የራሱ ቃላት ነበሩት። ሥራው ግን ማረሻና ማጭድ እንጂ ዝርግ ብረት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1829 ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስስ ብረትን በማሸብሸብ የማጠንከርን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። በ1837ም ፈረንሳዊው ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ አስመዘገበ። የሁለቱ ዘዴዎች ውጤት በአገራችን «ቆርቆሮ» ተባለ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ለማጓጓዝ ቀለለ።

ሁለተኛው የስም ማዕበል ከጣሊያን መጣ። ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ አንጎላሬና ፌሮ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በጋራዦች አማካይነት ሥር ሰደዱ። ወራሪው ቢወጣም ቃሉ ቀረ።

አማርኛ ግን ለሥራው ራሱ ቃል አላጣም። ብረት በሁለት ተሽከርካሪ ግንዶች መካከል አልፎ ሲሳሳ «መዳመጥ» ይባላል። ይህ ቃል እናቶች ፍሬውን ከጥጥ ለመለየት በድንጋይ ላይ የሚያንከባልሉትን መዳመጫ ያስታውሳል። ማጠፍ፣ መሳብና መቀጥቀጥም እንዲሁ የቤት ቃላት ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ለሙያ ቃላት የአማርኛ አቻ የመስጠት ታላቅ ጥረት ነበር።

አደጋ ያለው በስሙ ሳይሆን ከስሙ ጋር በሚጠራው ቁጥር ላይ ነው። «ጌጅ» የሚባለው መለኪያ የመጣው ከሽቦ ሳቢዎች ሲሆን፣ ሽቦው ደጋግሞ በተሳበ ቁጥር ስለሚቀጥን ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ቁጥሩ ሁለት አባት አለው። 28 ጌጅ በእንግሊዝ የሽቦ መለኪያ 0.376 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለዚንክ ቅብ ብረት በሚሠራበት የአሜሪካ ሰንጠረዥ 0.475 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ከሩብ በላይ ነው። ገዢው ወፍራሙን አስቦ ቢከፍልና ሻጩ ስሱን ቢያቀርብ፣ ሁለቱም «ሃያ ስምንት» ብለዋልና ማንም አልዋሸም። ጣሪያው ግን የሚሸከመው በጠሪዎቹ አሳብ ሳይሆን በብረቱ ውፍረት ነው።

ስለሆነም መሐንዲስ «ላሜራ» የሚለውን ባለሙያ ለማረም መቸኮል አይገባውም፤ ቃሉ የታሪክ ቅርስ ነው። የሚገባው በሥዕሉና በማዘዣው ላይ ከስሙ ጎን ውፍረቱን በሚሊሜትር መጻፍ፣ ዕቃውም ሲደርስ በማይክሮሜትር መለካት ነው። ስሙን መንገድ ቢያመጣውም፣ ልኩን መጠበቅ የባለሙያው ድርሻ ነው።