ወሸባ፦ ላቡን ማን መዘነው?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ተማሪዎቼን ይዤ ፋሲል ግቢ ገብቼ ነበር። ግንቡ ሥር ፎቶ ተነሡ፣ የአንበሳውን ቤት አዩ። ወሸባው ጋ ስንደርስ አንዱ "ቲቸር፣ ይሄ የኮሮና ጊዜው ወሸባ ነው?" አለኝ። ሁሉም ሳቁበት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልጁ ሳያውቀው ነገሩን ነክቶታል።

በ2012 ዓ.ም. "ወሸባ ገባ" ስንል ተለይቶ ተቀመጠ ማለታችን ነበር። ቃሉ ግን የቆየ ነው፤ በሽተኛ ከሰው ተለይቶ፣ እየታጠነና እየተጠነቀቀ የሚታከምበት ነው። ነገሥታቱ ግቢ ያለው በድንጋይና በኖራ የተሠራ የእንፋሎት መታጠቢያ ነው። (ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ ሌላ ነው፣ እሱ ቀሃ ወንዝ በኩል ነው። የሚያምታቱት ብዙ ናቸው!) አስጎብኚዎች ቂጥኝ የያዛቸው ይታጠኑበት ነበር ይላሉ። እውነቱን እንነጋገር ካልን እንፋሎት ቁርጥማት ያስታግስ እንደሆነ እንጂ ቂጥኝ አያድንም። እሱ ፔኒሲሊን እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት።

ቤተ መንግሥቱ ለሕክምና ደንታ አልነበረውም እንዳትሉ ብቻ። ቀዳማዊ ኢያሱ የቆዳ ሕመም ሲያስቸግራቸው ካይሮ ድረስ ሐኪም አስፈልገው፣ ፈረንሳዊው ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ገብቶ አክሟቸዋል። የዘር ሐረጋቸው ከእኛው ስሜን የሚመዘዘው እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ የሳባቸው ፍል ውሃው ነው።

አሁን ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ። ናራ ከተማ፣ ሆኬጂ በሚባል ገዳም ውስጥ እንደ ወሸባችን ያለ የእንፋሎት ቤት አለ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የነበረችው እቴጌ ኮምዮ አንድ ሺህ ድውያንን በእጇ አጥባበታለች ብለው ይተርካሉ። አፈ ታሪክ ነው፣ እኛም የዚህ ዓይነት ሞልቶናል። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ካጎሺማ ላይ ቴይ የሚባል የልብ ሐኪም "ዋኦን" ያለውን ሕክምና ጀመረ። ልቡ የደከመ በሽተኛ 60 ዲግሪ በሞቀ ክፍል ውስጥ 15 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወጥቶ 30 ደቂቃ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይተኛል። ከመግባቱ በፊትና ሲወጣ ይመዘናል፣ በላብ የወጣውን ያህል ውሃ ይጠጣል። በቃ ይኸው ነው። አያቶቻችን ቢያዩት "ይሄማ የእኛው ነው" ባሉ ነበር። ግን ላቡን የመዘነው፣ መዝግቦም ለዓለም ያሳየው እሱ ነው።

ደግሞ ሙቀት ሁሉ መድኃኒት ነው ብለው አልተዘናጉም። ከመቶ ሰው 29ኙ 65 ዓመት የሞላው አገር ነው፤ በክረምት ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥተው ሙቅ ገንዳ ሲገቡ የግፊት መዋዠቅ የሚጥላቸው አረጋውያን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልብስ ማውለቂያውን አስቀድሞ ማሞቅ፣ ውሃውን ከ41 ዲግሪ አለማሳለፍ እያሉ ይመክራሉ።

ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ የእናቴ ጉልበት ነው። አምና ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብታ ስትመለስ "ተሻለኝ" አለችኝ።

"እማዬ፣ ስንት ደቂቃ ትቆዪ ነበር?"

"እስኪበቃኝ ነዋ!"

"ውሃ ትጠጪ ነበር?"

"ውሃ ውስጥ ተቀምጬ ደግሞ ውሃ ልጠጣ?"

ግፊት እንዳለባት ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንዳችንም አልለካንም። ዘንድሮ በጥር ልትሄድ ስንቋን እያዘጋጀች ነው። እኔም ቴርሞሜትርና ደብተር ገዝቻለሁ፣ አብሬያት እሄዳለሁ። በ1947 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከጤና ኮሌጃችን የወጣችሁ፣ ነርስና ሐኪም የሆናችሁ ተማሪዎቼ፦ ደብተሩ ላይ ምን ምን ልመዝግብ? ለእሷ ዕድሜና ግፊት ስንት ደቂቃ ይበቃል? እስከ ጥር ድረስ እዚሁ ሥር ጻፉልኝ።